የጅብ ጥላ፣ እንጉዳይ እና የቆረጥኳት ሁለት ማርክ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እንጉዳይ ነው። አዎ፣ ስለ እንጉዳይ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ድሮ ሞጣ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ሴት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ከከብት ማሰማሪያ ሜዳ ላይ የተነቀለ፣ ነጭ፣ አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር ጣል ጣል ያለበት፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያጠለቀ ትልቅ ነገር ነው። መጠኑን እንዳውቀው ብላ አጠገቡ የሻይ ሳህን አስቀምጣለች፤ ሳህኗን ያስከነዳታል። ከፎቶው ሥር «ቲቸር፣ ይኼ ነገር ይበላል እንዴ?» የሚል ጽፋለች።

ደወልኩላት። ለካ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። ያገኘው ከአዲስ አበባ ለክረምት እረፍት የመጣው የእህቷ ልጅ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «እንጉዳይ ነው፣ እናቴ በጾም ጊዜ ትጠብሰዋለች፣ ሱፐርማርኬት አለ» ብሎ ታቅፎት ገባ። አያቱ እማሆይ ደግሞ ገና በር ላይ ሲያዩት «ዋ! የጅብ ጥላ! ኸዚያ ጣሉት፣ እጃችሁንም ታጠቡ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ምን ያድርግ? የዘመኑ ልጅ ነውና ስልክ አወጣ። አንዱን ቃል ጻፈ፣ ሌላውንም ጻፈ። ሁለቱም ያንኑ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሆነው መጡለት። ከዚያማ አሸነፈ። «ያው እኮ ነው፤ እማሆይ በገጠር አማርኛ ነው የሚጠሩት» አለ። ድስቱ ተጥዶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር። ደግነቱ እናትየዋ «እስቲ ቲቸርን ልጠይቅ» አለች።

«አትብሉት» አልኳት። «ቲቸር፣ መርዝ ነው?» አለችኝ። «በፎቶ አይቼ መርዝ ነው አይደለም የምል ሰው አይደለሁም፤ ግን አትብሉት። ደግሞ ለልጁ እማሆይ ልክ ናቸው በይው» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን ብትሉ፣ ያ ልጅ ለአያቱ የሰጣትን መልስ እኔው ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ያውም በቀይ እስክሪብቶ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ወጣት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ፈተና አወጣሁ፤ ክፍት ቦታ ሙላ። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «በክረምት በሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ቅጠልና አበባ የሌለው፣ ቅርጹ ጃንጥላ የሚመስል ነገር ______ ይባላል።» መልሱ «እንጉዳይ» ነው፤ ሁለት ማርክ። ከሞጣ ወጣ ካለ ገጠር በእግሩ የሚመላለስ አንድ ቀጭን ልጅ ደግሞ «የጅብ ጥላ» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግሁበት። ወረቀቱን ስመልስ ልጁ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ቲቸር፣ እንጉዳይማ ትንሹ ነው፤ ጃንጥላ የሚመስለው የጅብ ጥላ ነው» አለኝ። እኔም ምን አልኩት መሰላችሁ? «መጽሐፉ እንጉዳይ ነው የሚለው። የቤትህን አማርኛ ቤትህ ተወው።»

አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ልጁ እኮ ጥያቄዬን ከእኔ በተሻለ አንብቦታል። «ጃንጥላ የሚመስል» ብዬ ራሴ ጽፌ፣ ስሙ ውስጥ ጥላ ያለበትን ቃል ስህተት ነው አልኩ! ከሁሉ የሚብሰው ግን የልጁ አማርኛ የእኔም የቤቴ አማርኛ መሆኑ ነው። የተወለድኩት ከቢቸና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «የጅብ ጥላ» ስትል ነው የኖረችው። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ስወጣ አፌ ተቀየረ፤ የተቀየረ አፌን ደግሞ ትክክለኛ አማርኛ አድርጌ መልሼ ሞጣ ይዤው ሄድኩ።

እስቲ ስለ ቃሉ ላውራ። በእኛ ቤትና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ሁለቱ ቃላት አንድ አልነበሩም። እንጉዳይ የሚባለው ትንሹ፣ ክብ፣ ገና ያልተዘረጋው፣ ዝናብ ባደረ ማግስት ሣር ውስጥ ቁልፍ መስሎ የሚታየው ነው። እረኛ ሆነን አንዳንዱን በእሳት ጠብሰን በጨው የቀመስን አለን (ይኼን ያደረግነው በድንቁርና ነው፤ ልጆቻችሁ እንዳያደርጉት)። የጅብ ጥላ የሚባለው ደግሞ ተዘርግቶ እንደ ዣንጥላ የቆመው፣ ትልቁ፣ ከሩቅ የሚታየው ነው። የጅብ ጥላ «አይለቀምም»። ይረገጣል፣ በዱላ ይመታል፣ ከብት እንዳይነካው ይባላል። አንዳንዱ ሲደርቅ በእግራችን መታ ስናደርገው ጭስ የመሰለ ዱቄት ያፈነዳ ነበር፤ እናቴ «ዓይናችሁ ይጠፋል» ትለናለች፣ እኛ ደግሞ ዓይናችንን ጨፍነን እንመታዋለን።

የሞጣ ተማሪዎቼ አጠቃቀም ደግሞ ትንሽ ይለይ ነበር። አንዳንዶቹ ለትንሹም ለትልቁም የጅብ ጥላ ይላሉ፤ እንጉዳይ ለእነሱ ከመጽሐፍ የመጣ ቃል ነው። ሌሎቹ እንደ እኛ ለመጠን ይለዩታል። ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ፣ በፈለገ ብርሃን፣ በግንደ ወይን አልፎ ሞጣ የሚገባው መንገድ ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ቃል ግን በየወንዙ ትርጉሙን ትንሽ ትንሽ እየቀየረ ነው የሚሻገረው። ስለዚህ የእኔን ሰፈር አጠቃቀም የምሥራቅ ጎጃም ሕግ አታድርጉብኝ።

ግን አንድ ነገር ላይ ቢቸናም ሞጣም ይስማማሉ፤ «የጅብ» የሚለው ቃል የሚሠራው ሥራ ላይ። የእኛ ሰው አንድን ተክል ለእንስሳ ሲሰጥ ዝም ብሎ አይሰጥም። የጅብ ሽንኩርት የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ሥሩ ሽንኩርት ይመስላል፣ አበባው ያምራል፣ ወጥ ውስጥ ግን የሚጨምረው የለም። የሽኮኮ ጎመን አለ፤ ቅጠሉ ጎመን ይመስላል፣ ለምሳ አይቀርብም። የአህያ ጆሮ አለ። እነዚህን ስሞች ያወጣ ሰው የሚነግረን ነገር አለ፦ «ይመስላል፣ ግን ያንተ አይደለም።» የአውሬ ስም የተለጠፈበት ነገር አጥር እንደታጠረበት ነገር ነው። ሽንኩርት የሰው፣ የጅብ ሽንኩርት የጅብ። ጎመን የሰው፣ የሽኮኮ ጎመን የሽኮኮ። እንዲህ ሲታይ «የጅብ ጥላ» የእንጉዳይ የገጠር ስም አይደለም፤ ለትንሽ ልጅ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። እማሆይ በር ላይ ቆመው የጮኹት ማስጠንቀቂያውን ነው። የልጁ ስልክ የተረጎመው ግን ስሙን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጥላ የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ቀልድ አለበት። ዛሬ ሁላችንም ቦርሳችን ውስጥ የምንወሽቀው ጃንጥላ፣ «ጃን» ከጃንሆይና ከጃን ሜዳ የምናውቀው የንግሥና ቃል ነው፤ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። ጥላ የተከበረ ነገር ነበር። ዛሬም ታቦት ሲወጣ በጥላ ነው የሚሸፈነው። ታዲያ የአገሬ ሰው ሜዳ ላይ ማንም ሳይተክለው ተዘርግቶ ያደረውን ነጭ ነገር አየና «ይኼስ የማን ጥላ ነው?» ብሎ አሰበ። ንጉሥም ቄስም ሌሊት ሜዳ ላይ ጥላ ዘርግቶ አይሄድም። ሌሊት ሜዳው የጅብ ነው። እንግዲህ ጥላውም የጅብ ሆነ! እናቴ እንዲያውም «ጅቦ ሌሊት ዝናብ ሲይዘው ዘርግቶት ነው፣ ሲነጋ ጥሎት ሄደ» ትለን ነበር። እኛም አምነን ጠዋት ጠዋት ዱካ እንፈልጋለን።

ይኼ የጎጃም ብቻ አይምሰላችሁ። ከወለጋ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኦሮምኛ «ማርቃ ወራቤሳ» እንደሚሉት ነግሮኛል፤ የጅብ ገንፎ ማለት ነው። እኛ ጥላ ሰጠነው፣ እነሱ ገንፎ ሰጡት፤ ጅቡ ግን ያው ነው። በትግርኛ ደግሞ «ቃንጥሻ» ነው የሚባለው፤ ጅብ የለበትም።

አሁን «እንግዲያው እንጉዳይ ሁሉ ይበላል፣ የጅብ ጥላ ሁሉ ይገድላል ልትለን ነው?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም። እንዲያውም ሌሊቱን ያስጨነቀኝ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ቃሉን ከፍ ከፍ ሳደርግ ሌላ ጥፋት እንዳላጠፋ።

የጅብ ጥላ የሚለው ስም ጥሩ አጥር ነው፤ ግን አጥሩ ትልቁን እንጂ ትንሹን አያጥርም። በመርዛቸው ከሚታወቁት መካከል ትንንሾች፣ ቆንጆዎች፣ «ይኼማ ምን ያደርጋል» የሚያሰኙ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በጣም ትልቅ ሆኖ የሚበላ አለ። ዛምቢያ ውስጥ የሚገኝ ባርኔጣው እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ አለ፤ «ተርሚቶማይሲስ ታይታኒከስ» ይሉታል፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው በሳይንስ ስሙ የወጣለት። በመንገድ ዳር ተሸክመው ይሸጡታል፤ አንዱ ለቤተሰብ ይበቃል። እማሆይ ቢያዩት የጅቦች ንጉሥ ጥላ ይሉት ነበር።

የዚህ ዘር ዘመዶች በእኛም አገር አሉ። ከኩይሳ ላይ ወይም ከኩይሳ አጠገብ የሚወጣውን እንጉዳይ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እሱን የሚዘራው ምስጥ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ምስጥ ያኘከችውን ሣርና እንጨት መሬት ውስጥ ክፍል ሠርታ ትከምራለች፣ በዚያ ላይ ፈንገሱን ታለማለች፣ ትመገበዋለች። እኛ ጤፍ እንደምንዘራው ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ፈንገሱ ረጅም ሥር የመሰለ እግሩን ከጉድጓዷ እየሳበ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። እኛ የምናየው ጥላ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ሆኖ መሬት ውስጥ ነው ያለው። ጋምቤላ ያሉት መዠንግሮች፣ በእኛ በኩል ቆላ ወርዶ መተከል ያሉት ጉሙዞች እንጉዳይ ለይቶ ለቅሞ መብላትን ያውቁበታል። እነሱ ለየዓይነቱ ስም አላቸው። እኛ ደገኞቹ ሁለት ቃል ብቻ ኖሮን አንዱን ለመጣል እንጣደፋለን።

ስለ ምስጥ ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ጋዜጠኞቻችን «እንደ እንጉዳይ የፈሉ ትምህርት ቤቶች»፣ «እንደ እንጉዳይ የፈሉ ባንኮች» ማለት ይወዳሉ። እኔ ይኼን አባባል እናቴ አፍ ላይ ሰምቼው አላውቅም። እሷ «እንደ አሸን ፈላ» ነበር የምትለው። አሸን ዝናብ ሲመጣ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት እየተግተለተለ የሚወጣው ነፍሳት ነው። እሱ በእውነት ይፈላል፤ እንደ ወተት ገንፍሎ ነው የሚወጣው። እንጉዳይ ግን ምን ይፈላል? እንጉዳይ ድምፅ ሳያሰማ አድሮ ይገኛል እንጂ። በእኔ ግምት አባባሉን ከፈረንጅ ወስደን የአሸንን ግሥ አልብሰነዋል። መጥፎ ነው አልልም፤ ቋንቋ ይዋሳል። ግን አሸንም የጅብ ጥላም ባንድ ሳምንት፣ ባንድ ዝናብ፣ አንዳንዴም ካንድ ኩይሳ እንደሚወጡ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አያምታታም ነበር።

ወደ መርዙ ልመለስ፤ ይኼ ክፍል ቀልድ የለበትም።

በሞቃታማ አገሮች ሁሉ በሣር ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ተማሪዬ ከላከችልኝ ፎቶ ጋር የሚመሳሰል ትልቅ ነጭ እንጉዳይ አለ፤ «ክሎሮፊለም» ይባላል። ሲያረጅ ባርኔጣው ሥር ያለው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው ነገር አረንጓዴ እየሆነ ይሄዳል። የበላው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል። ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ለትንሽ ልጅ ግን የሰውነት ውኃ ማለቁ ብቻውን አደገኛ ነው፣ ያውም ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት፣ ክረምት መንገድ በሚቆረጥበት አገር።

የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። «አማኒታ» ከሚባሉት አንዳንዶቹና አንዳንድ ትንንሾችም ያላቸው መርዝ ቶሎ አይናገርም። ከስድስት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ድረስ ምንም የለም። ከዚያ ማስታወክና ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያ ይተዋል! ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል፣ ቤተሰቡም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መርዙ ጉበቱን እየበላው ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። መቀቀል አያጠፋውም። መጥበስ አያጠፋውም። ማድረቅም አያጠፋውም። «ከብት ከበላው ሰውም ይበላዋል»፣ «ትል ካለበት ደህና ነው»፣ «ሽንኩርት አብሮት ተቀቅሎ ካልጠቆረ አይጎዳም» የሚሉት ሁሉ ውሸት ናቸው። ሰው እንጉዳይ በልቶ ከታመመ ተሻለው አልተሻለው ሳይባል ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የተረፈው እንጉዳይ ካለም በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይሂድ።

እንግዲህ የልጁን ስልክ አስቡት። ልጁ አልዋሸም። አዲስ አበባ ሲያድግ «እንጉዳይ» ማለት በፕላስቲክ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ያለ፣ ፒዛ ላይ የሚደረግ፣ በጾም የሚጠበስ ምግብ ነው። ወጣቶች ተደራጅተው በጭድና በጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት ላይ የሚያለሙት አለ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ይበርቱልን፣ እኔም ገዝቼ እበላለሁ። በከተማ አማርኛ «እንጉዳይ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ከሜዳ ወጥቶ ወጥ ቤት ገብቷል። ቃሉ ምግብ ሆኗል። ሜዳ ላይ ያለው ግን አልተቀየረም፤ ያው ድሮ የነበረው ነው። ልጁ የወጥ ቤቱን ቃል ይዞ ሜዳ ወጣ። ያገሬው ሰው ደግሞ ለዚያ ለሜዳው የሚሆን የራሱ ቃል ነበረው፤ እኛ መምህራኑ ግን «የቤትህን አማርኛ ቤትህ ተወው» ብለን አስጣልነው። ልዩነቱን የሚሸከም ቃል ሲጠፋ ልዩነቱ ራሱ አይጠፋም፤ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ልጅ ይጠብቃል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይኼማ የቃላት ጉዳይ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይፍታው» ይሉኛል። መዝገበ ቃላት እወዳለሁ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.)፣ የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መጻሕፍት እንደ ዳዊት የሚገለጡ ናቸው። ግን አንድ ቃል በመዝገብ ሲገባ አጭር ፍች ይሰጠዋል፤ «ይኼ ማለት ያ ማለት ነው» ይባላል። «ማለት ነው» የምትለዋ ነገር ናት አደገኛዋ። የጅብ ጥላ እንጉዳይ ማለት ነው ስትል አልዋሸህም፤ እማሆይ ከበር ላይ የጮኹትን ግን ጥለኸዋል። ፍቺው ውስጥ «አይበላም የሚባል» የምትል ሁለት ቃል ብትገባ ኖሮ ልጁ ስልኩ ላይ ያገኛት ነበር።

ስለዚህ አስተያየቴ ይኼ ነው፦ የአንደኛ ደረጃ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ልጆቼ አላችሁ፤ ክልል ትምህርት ቢሮም ዩኒቨርሲቲም የገባችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ስለ እንጉዳይ ስትጽፉ «የጅብ ጥላ»ን በቅንፍ ውስጥ እንደ እንጀራ ልጅ አታስቀምጡት። ሁለቱንም ጻፉ፤ ሕዝቡ የትኛውን ለየትኛው እንደሚል ጻፉ፤ ከዚያ ደግሞ «ስሙ ብቻውን አያድንም፣ ከሜዳ የተለቀመን የሚያውቅ ሰው ካልመሰከረለት አትብሉ» ብላችሁ ጨምሩ። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል ከማረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ «እናንተ ቤት ይኼ ቃል ለምን ለምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ያን ዕለት ይቺን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አርባ ደቂቃ የሚያስተምር መልስ አገኝ ነበር። አንድ ደቂቃ ቆጥቤ አርባውን ጣልኩት።

«አንተ ራስህ እኮ የጎጃምን ቃል ለማስከበር ብለህ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። ትንሽ እውነት አለው። ልጅ ሳለሁ «ኸቤት» ብዬ ስናገር የሳቁብኝን አልረሳሁም። ነገር ግን ነገሩ የአገር ኩራት ብቻ ቢሆን ይኼን ያህል አልጽፍም ነበር። የተጣደ ድስት ነበር እኮ።

የደብረ ወርቅ፣ የመርጡለ ማርያም፣ የደጀን፣ የሉማሜ ልጆች፣ እናንተ ቤት ትልቁንና ትንሹን ምን ምን ይሉታል? አንድ ስም ነው ወይስ ሁለት? በሦስተኛ ስም የሚጠሩት አለ? እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ሲሉት ምን እያደረጉ እንደሆነም ጻፉልኝ። እያባረሩ ነው ወይስ እየለቀሙ?

የሞጣውን ነገር ልጨርስላችሁ። ለልጁ «ልትጥሉት ስለሆነ አንድ ነገር ሞክር፤ እግሩን ቁረጥና ባርኔጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ደፍተህ አሳድረው፣ ከዚያ እጅህን በሳሙና ታጠብ» አልኩት። ጠዋት ላይ ፎቶ መጣልኝ። ወረቀቱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሠመረ ዱቄት አርፏል፤ ቀለሙ ግራጫ መሳይ አረንጓዴ ነው። «ቲቸር፣ ልጁ ወረቀቱን አዲስ አበባ ይዤ እሄዳለሁ፣ ለክፍሌ አሳያለሁ ብሏል። ከሥሩ የጅብ ጥላ ብሎ ጽፎበታል» ብላ ጽፋልኛለች። እማሆይ ግን ወረቀቱም ከቤት እንዲወጣ ይፈልጋሉ አሉ።

አንተ ደግሞ፣ ያኔ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ የነበርክ ቀጭን ልጅ፣ ስምህን እዚህ አልጠራም፤ ራስህን ታውቃለህ። የት እንዳለህ አላውቅም፤ ይኼን የሚያነብ የክፍል ጓደኛህ ካለ ያድርስልህ። ሮስተሩ የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ሁለቷ ማርክ ግን የአንተ ናት። ከአሥር ስምንት ነበር የሰጠሁህ።